ከሦስቱ አንዱን

ነዋሪው እንደ ቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ እንዲኖር ከታወጀ ወዲህ፣ ሰው የሚናገረው መነጽሩ ላይ ከሚወጡለት ሦስት መልሶች አንዱን መርጦ ነው። ሹማምንቱ ይህን «ሙሉ ነፃነት» ይሉታል።

ጡረተኛው አቶ ደጀኔ ትናንት ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ በእናታቸው ሙት ዓመት ሲያለቅሱ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏቸው። ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስንዱ ሻንጣቸውን በር ላይ አቁመው «እህቴ ጋ መሄዴ ነው» አሉ።

ደጀኔ «አጥፍቻለሁ፣ አትሂጂ» ማለት ፈለጉ። መነጽሩ ያቀረበላቸው ግን «መልካም መንገድ»፣ «ታክሲ ልጥራ?» እና «ጃንጥላ ያዢ» የሚሉትን ነበር።

አንዱንም ሳይመርጡ ሄደው ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። መነጽሩ «ያልተፈቀደ እንቅስቃሴ» እያለ ይጮህ ጀመር።

ስንዱ ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ የራሳቸውን ሦስት ምርጫዎች አንብበው የመጨረሻውን ተናገሩ፦

«ምሳ ምን እንብላ?»