አርባኛዋ ብልቃጥ

«እንትፍ ይበሉባት፣ እማማ። ማንኪያ እንኳ አትሞላም።»

ዓለምነው ብልቃጧን ከፍቶ ይዟል። ወይዘሮ የሻረግ አፋቸውን በነጠላቸው እንደሸፈኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ ቆርቤአለሁ እኮ፣ ልጄ።»

ክው አለ። የቆረበ ሰው እንደማይተፋ መቼ አጣው፤ ያደገው በዚሁ ቤት ነው። ግን አዲስ አበባ ሆኖ ዕቅዱን ሲያወጣ ያሰበው ብልቃጦቹን ስለሚያቀዘቅዘው በረዶና ስለ መመለሻው መኪና እንጂ ስለሳቸው ቁርባን አልነበረም። ስምንት ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ከርሞ ይህችን መርሳቱ በራሱ አናደደው።

ሳምንቱን ሙሉ የዳንግላን ከተማ ሰው ምራቅ ሲለምን ነው የሰነበተው። ዩኒቨርሲቲው የላከው በሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንን እንዲያጠና ነው። ጥርሳቸውን በመፋቂያ ብቻ ጠብቀው ሰባ ዓመት ያለፉ አርባ ሰዎች ያስፈልጉታል። ቀበሌው ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሕዝቡም አላስቸገረውም፣ ብቻ ቀለደበት። ባለጋሪው ሽባባው ወደዚህ ሲያመጣው ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ «መሬቱም ተወረሰ፣ ትርፍ ቤቱም ተወረሰ፤ የቀረን ምራቃችን ነበር» ብሎታል።

ሠላሳ ዘጠኙ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። አርባኛዋ ላይ ግን ስም የጻፈው ከሁሉ አስቀድሞ ነበር፤ የወይዘሮ የሻረግን። ግምጃ ቤት ከሚባለው የትውልድ መንደሩ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ እዚህ እያደረ ሲማር፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆመው በክትክታ መፋቂያ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ያያቸው ነበር። ጥርሶቹ እንዲህ ነጭ ሆነው የሚኖሩት በምን ምክንያት ይሆን ይል ነበር። ያ የልጅ ጥያቄ ነው መምህር ያደረገው፤ በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ለትምህርት ሌኒንግራድ ሊያደርሰው ነው።

«ነገ ጠዋት ናና እንዳሻህ እተፋልሃለሁ» አሉት።

«መኪናው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። በረዶውም አይቆይልኝም።»

«ከሄድህ መቼ ነው የምትመለስ?»

«አምስት ዓመት ይላሉ።»

ሁለቱም በልባቸው አምስቱን በወይዘሮ የሻረግ ዕድሜ ላይ ደመሩ። ዓለምነው «አንዲት ጠብታ ናት፣ ማን ያያል» ሊል አፉን ከፈተና አፈረ። ብልቃጧን ባዶዋን ከድኖ ኪሱ ከተታት።

«በል ና፣ ልመርቅህ።»

እንደ ልጅነቱ ዝቅ ብሎ ግንባሩን ሰጣቸው። ያኔ ለፈተና በሄደ ቁጥር መርቀውት ሲያበቁ እንትፍ እንትፍ ይሉበት ነበር። እሱም የአጥሩን ጥግ እስኪዞር ታግሦ፣ ጓደኞቹ ሳያዩት ምራቁን በእጅጌው ይጠርገው ነበር። እነዚያ ጠዋቶች አሁን ክፉኛ ናፈቁት፤ እሳቸው ፊቱ ቆመው እያሉ ናፈቁት።

«እደግ፣ ተመንደግ» አሉት እጃቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው። «አገር ለአገር ስትዞር እሱ ይጠብቅህ።» ከዚያ ከንፈራቸውን ገጠሙ። እጃቸውን ለማንሣት ግን ብዙ ቆዩ።

ሽባባው ፈረሱን አስነሣ። ጋሪው የአጥሩን ጥግ ሲዞር የዓለምነው እጅ እንደ ድሮው እጅጌውን ጎተት አድርጎ ወደ ግንባሩ ሄደ። የሚጠረግ ነገር አልነበረም።