የማኅበሩ አፍንጫ

አረቄ አምራቾቹ ማኅበር ያቋቋሙት ስማቸውን ለመጠበቅ ነው። የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ጠርሙስ ይሸጣል፤ የሌለበት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ማኅተሙን የሚፈቅደው ደግሞ አንድ ሰው ነው። አረቄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው መርዝ ስለሆነ ይደፋል። ስስታም አምራች ግን መድፋቱ ያንገበግበዋል፤ ከደህናው ይቀላቅለዋል። ሰውየው ጠርሙሱን ከፍቶ በማሽተት ብቻ ይለየዋል። ስሙ ቀርቶ «አፍንጫው» ተባለ።

ከሦስት ዓመት በፊት በጽኑ ታሞ ነበር። እንደዳነ በሳምንቱ ሥራው ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠርሙስ አልመለሰም። ማኅበሩም «አባሎቻችን ታረሙ» ብሎ ደስ አለው።

በዚህ ወር ግን ማኅተም ያለበት አረቄ የጠጡ ሰባት ሰዎች ዓይናቸው ጠፋ። አምራቹ የአፍንጫው አማች ነበር።

አባላቱ ተሰበሰቡ። ከሰባቱ የአንዱ አባት የሆነ ገበሬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ነገሩ ጉቦ ጉቦ ይሸታል» አለ አንድ ወፍራም አባል። «ሁላችንን የሸተተን አንተን ብቻ አልሸተተህም?»

ሳቁ። አፍንጫው አልሳቀም።

ሊቀመንበሩ በእጁ ዝም አሰኛቸው። «ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩን። በልተዋል ወይስ አልበሉም?»



«በልቻለሁ» አለ አፍንጫው።

«ከአማችዎ ብቻ?»

«ከእሱ ብቻ። ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

ሁሉም እፎይ አሉ። ማኅበሩ ከአንድ ሌባ በቀር ደህና ነበር። ሊቀመንበሩ የአማቹ አረቄ ብቻ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ጸሐፊዋ ጻፈች። ለፖሊስ ተደወለ።

ገበሬው ተነሣ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። እሑድ ታናሺቱን ልጄን እድራለሁ። ማኅተም ያለበት አርባ ጠርሙስ ገዝቻለሁ፤ ከሌላ አምራች ነው። ልድፋው?»

ሰው ሁሉ ወደ አፍንጫው ዞረ።

«አይድፉት» አለ።

«በልጆችዎ ይማሉልኛል?»



«ልጆቼን ይንሳኝ።»

ገበሬው እጅ ነሥቶ ወጣ።

አፍንጫው ቤቱ ገብቶ ልብሱን እንዲይዝ ተፈቀደለት። ፖሊሱ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሁለት ሸሚዝ አጣጥፎ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ፣ እናቷ ዘንድ ሳምንት የሰነበተችው ሚስቱ በሩን ከፈተች፤ ወዲያው አፍና አፍንጫዋን በእጇ ሸፈነች።

«ጉድ! አልጋው ሥር አይጥ በስብሳ ቤቱን አግምታዋለች፤ አንተ ሰውዬ፣ እላይዋ ላይ ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ተኛህ?»