ሆዴ፣ እንዴት አደርህ?

ጣና ዳር ባለው ላቦራቶሪያችን፣ ከበግ ጽንስ ጉበት የወሰድሁትን ሴል በሦስት ሳህን አሳደግሁ። ለሁለቱ የዕድገት ሆርሞን ጨመርሁ፤ ለማነጻጸሪያ የተውሁት ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ጠዋት የበዛው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ባልደረባዬ ሸሪፋ ሳህኑን እያየች፣ «ሆዴ፣ እንዴት አደርህ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በሰባት ወር እርግዝና ወደገፋው ሆዴ ጎንበስ አለች። «አንተስ፣ ሆዴ?»

«ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አልኋት።

ሳቋ ጠፋ። «ያ አላህ! ማህሌት፣ ተነሺ፤ ባጃጅ ልጥራና ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ይህን ሳህን ብቻ ልየው።»

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስሁ። ወትሮ ሆዴን በጣቴ ሁለቴ መታ መታ ሳደርገው ልጄ ሁለቴ ይራገጥልኛል። አሁንም ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት። ሆዴ ዝም አለ።

ሳህኑ ውስጥ ያሉት ሴሎች ሁለቴ ተራገጡ።