የስድስት ቁጥር አልጋ ሞኒተር

የክፍል ጓደኞቿ «ፊውዝ» ይሏታል፤ ቶሎ ስለምትቃጠል ነው። አራተኛ ዓመት የባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪ ናት። ሦስት ቀን ትማራለች፤ ሁለት ቀን ደግሞ ሆስፒታል ጥገና ክፍል ወርዳ በአንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ሥር ትለማመዳለች። ቴክኒሻኑን ሆስፒታሉ በሙሉ «ጋሼ ካቻቢቴ» ነው የሚላቸው። ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትምህርቱን በግማሽ ልብ ታዳምጣለች። መምህሩ የሕመምተኛ ሞኒተር አበሩና ከማንም ጋር ሳያገናኙት አንድ ቁልፍ ተጫኑ። አረንጓዴው መስመር መዝለል ጀመረ። የልብ ትርታ ሰባ ሁለት፣ ኦክስጅን ዘጠና ስምንት።

«ይሄ ዴሞ ይባላል» አሉ። «ለማስተማሪያ የተሠራ የውሸት ልብ ነው። ለወንበር ብትገጥሙለት እንኳ ሰባ ሁለት ይላችኋል። ስትጨርሱ ካልወጣችሁበት ደግሞ ተዘግቶ ሲከፈትም አይለቅም።»

ክፍሉ ሳቀ። ፊውዝ ግን ክው አለች።

ትናንት ከሰዓት ሞኒተር ጠግና ነበር። ፓወር ሰፕላዩን ቀይራ ስክሪኑ ሲበራላት፣ በደስታ ዴሞ ውስጥ ገባችና መስመሩ ሲዘል እያየች ፈነደቀች። መግባቷን ታስታውሳለች። መውጣቷን ግን ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። ዴሞ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ የሚወጣበት የስክሪኑ ጥግ ደግሞ ከጠቆረ ዓመት አልፎታል።

ጋሼ ካቻቢቴ አንድ ሕግ አላቸው። የተጠገነ ሞኒተር ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የጠገነው ሰው መቆንጠጫውን በራሱ ጣት ላይ ሰክቶ ያየዋል።

«ጣትሽ ላይ ሞክረሽዋል?» ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«ሞክሬዋለሁ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ሰርቪስ ሊያመልጣት ነበር።

«እንግዲያው ለስድስት ቁጥር አልጋ ነው። ጠዋት መጥተው ይወስዱታል።» ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ፈረሙ። «እስቲ መደርደሪያው ላይ አውጪልኝ። እኔ ዕቃ ማንሳት ካቆምኩ ሰነበትኩ። ነገ ደግሞ አልኖርም፣ ከሰው እንዳትጣዪ።»

ፊውዝ ደብተሯን ሳትሰበስብ ከክፍሉ ወጣች። ጋሼ ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ስድስት ቁጥር አልጋ ያለበት ዋርድ ጋ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ።

ታክሲ ተሳፈረች። ፈርታለች። የፈራችው ከትምህርት መባረሩን አልነበረም፤ እሱስ የትም ይድረስ። የፈራችው ሰው መግደሏን ነው። ስድስት ቁጥር ላይ የተኛው ሰው ትንፋሽ እያጠረው፣ ከራስጌው አረንጓዴው መስመር ሲጨፍር ታያት። ነርሷ ብቅ ትላለች፣ ሰባ ሁለት ታያለች፣ ተመስገን ብላ ታልፋለች። ምን ቆርጦኝ ዋሸሁ? ለአንድ ጣት፣ ለግማሽ ደቂቃ!

መንገዱ ተዘጋጋ። ረዳቱ መልስ ሊሰጣት ሲቆጥር «ተወው፣ ወራጅ አለ!» ብላ ዘላ ወረደችና ሮጠች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣችው። የዋርዱን በር ገፍታ ገባች።

የስድስት ቁጥር መጋረጃ ተዘግቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ!» አሉ የዋርዱ ሲስተር ከጠረጴዛቸው ተነሥተው።

ፊውዝ መጋረጃውን ጎትታ ከፈተችው።

አንድ አዛውንት ትራስ ተደግፈው ብርቱካን ይልጣሉ። ከራስጌያቸው ያለው ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ቁልጭ ብሎ በርቷል። የልብ ትርታ ዘጠና አንድ ይላል። አዛውንቱ ሲያስሉ ዘጠና ስድስት አለ። ረጋ ሲሉ ወደ ዘጠና ሦስት ወረደ።

ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል! እንዲያም ሆኖ አላመነችም። ዘልቃ ከጣታቸው ላይ መቆንጠጫውን ነቀለችው። ሞኒተሩ ዋርዱን በጩኸት አናጋው። ያን የመሰለ ደስ የሚል ጩኸት በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

«ምን ነካሽ አንቺ!» ሲስተሯ መቆንጠጫውን ቀምተው መለሱት።

ፊውዝ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ሳቅና ልቅሶ ቀላቀለች። ወጥቼበት ነበር ማለት ነው፣ እጄ ሳላውቀው ወጥቶበታል፣ አለች በልቧ። ገና ነፍስ መዝራቷ ነበር።

«ልጄ፣ የምታለቅሽው ለኔ ከሆነ ቸኩለሻል» አሉ አዛውንቱ፣ ብርቱካን እየዘረጉላት። «ነገ ነው የምወጣው።»

«ይቅርታ አባባ። ሞኒተሩን የጠገንኩት እኔ ነኝ። እንዲያው... አበላሽቼው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሲስተሯ ቁጣቸው በረደና ከወለሉ ደግፈው አነሷት። ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገለል አደረጉላት።

«ይሄማ ከጎረቤት ዋርድ የተዋስነው ነው የኔ ልጅ። ያንቺንማ ጋሼ ካቻቢቴ ናቸው ያስወሰዱት፤ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ ‹ተማሪዬ የሠራችው ካልሆነ ሌላ እንዳትገጥሙልኝ› ብለው ድርቅ አሉ። አሁን ከገቡ ሁለት ሰዓት አለፋቸው፤ ትርታቸው ሰባ ሁለት ላይ ንቅንቅ አላለም አሉ።»