የተደፈነው ቀዳዳ

ኃላፊው የአንድን ሟች ሠዓሊ ትንሽ የመታሰቢያ ጋለሪ ሲያሳድስ የሙሽራ ቤት አስመሰላት። ጦርነትን የሚያወግዘው ትልቁ የሥዕል ሸራ ግን መሃሉ ላይ ተበስቶ ነበርና «ለእንግዳ ያሳፍራል» ብሎ ቀዳዳውን አስደፈነ፤ በላዩም ከዶሮ የማትለይ ነጭ ርግብ አስሳለበት።

በምረቃው ቀን ስለ ሰላም አፉ እስኪደርቅ ተናግሮ ሲያበቃ፣ የሟቹን ሠዓሊ ሚስት ክንዳቸውን ደግፎ ሸራው ፊት አቆማቸው። አሮጊቷ በየሙት ዓመቱ እየመጡ ጣታቸውን የሚሰዱበትን ቀዳዳ ርግቧ ላይ በዳበሳ ይፈልጉ ጀመር።

«አይድከሙ እማማ፣ ምልክቱም አይገኝም» አለ ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ። «ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ቢያዩ ይመርቁን ነበር።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከሸራው ላይ አላነሱም።

«ያን ቀን እዚህ ሸራ ጀርባ ተሸሽጎ ነበር» አሉ። «የገደለው ጥይት በዚያ ቀዳዳ ነው ያለፈው።»