ይርጉ ጮክ ብሎ ያነበበው

ትኬት ቆራጩ ይርጉ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና ስክሪኑን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «አደልትስ ኦንሊ። ሕፃናት አይገቡም። ሆቴሉ ባሕር ዳር ነው፤ ምግቡም መጠጡም እዚያው ነው። ቢቹ ደግሞ…» ብሎ ቆመ። አንዴ ነጋን፣ አንዴ ሩሐማን አየ። «ክሎዚንግ ኦፕሽናል ይላል። ማለቴ፣ ልብስ መልበስ ግዴታ አይደለም። የፈለገ ሰው ራቁቱን መዋል ይችላል ነው የሚለው።»

ሩሐማ ክው አለች። ጃማይካ ያለውን ይኼን ሆቴል የመረጠችው እሷ ናት፤ ልብስ የማይጠየቅበት መሆኑንም ታውቃለች። ባሏ ነጋ ግን አያውቅም። ለእሱ የነገረችው የልጅ ጫጫታ የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው ብላ ብቻ ነው። ሁለቱን ልጆቻቸውን እህቷ ሳሮን ማኪኒ ከተማ ወዳለው ቤቷ ወስዳ ልታቆይላቸው ተስማምታለች። የቀረውን ነገር እዚያው ደርሰው ይነጋገሩበታል ብላ አስባ ነበር።

በስልኳ ነካ ነካ አድርጋ ልትጨርሰው ትችል ነበር እኮ። ነጋ ሆዬ ግን አሜሪካ ከገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ያለ ይርጉ ትኬት ቆርጦ አያውቅም። ዳላስ ካለው አበሻ ግማሹ እንደሱ ነው፤ ይርጉ ያልቆረጠው ትኬት አየር ላይ የሚያስቀር ይመስለዋል። ይርጉም ሰው ያልገባውን ነገር እንዲፈርም አይወድም። አንዷን መስመር ሳይዘል ያነባል፣ ያስረዳል። የሚወዱትም ለዚሁ ነው።

ቢሮው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ ከአንድ ጸጉር ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ እዚያ ውስጥ ሹክ የተባለ እንኳ ለሁሉም ይዳረሳል። በሩ አጠገብ ወይዘሮ ውድነሽ የአዲስ አበባ ትኬታቸውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!»

«ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሻንጣ ይፈቀዳል» አለ ይርጉ፣ ነገሩን ቶሎ ለማለፍ።

«ምን ሊከቱበት?» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

ይርጉ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ነጋ አልሳቀም።

የዛሬ ዓመት ከስምንት ወር ሐኪሞች የሩሐማን ግራ ጡት በቀዶ ጥገና አወጡት። ካንሰሩ ጠፋ፣ ዶክተሩም እንኳን ደስ አለሽ አላት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን ነጋ ገላዋን አይቶ አያውቅም። ልብሷን የምትቀይረው መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው፤ የምትተኛውም ከነጡት መያዣዋ። እሱም አንድ ቀን አሳይኝ አላላትም። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ነው የገደላት።

ታዲያ ባለፈው ወር ሥራ ቦታ ምሳ እየበላች ስለዚህ ሆቴል የተጻፈ አንድ አስተያየት አነበበች። የጻፈችው የማታውቃት ሴት ናት። «ጡቴ ከወጣ በኋላ ደረቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ የነካው እዚህ ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም» ይላል። ሩሐማ አምስቴ ደጋግማ አነበበችው። ምሳዋን ሳትጨርስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን ነጋ «ይቅርብን» ካለ በቃ፣ አለቀ። ሁለተኛ የምታነሳበት አቅም እንደሌላት ራሷን ታውቃለች።

«ሜክሲኮ፣ ካንኩን አንድ ፋሚሊ ሪዞርት አለ» አለ ይርጉ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ቆንጆ ነው፣ ብዙ ሰው ልኬበታለሁ። ሶ፣ ይኼን ትቼ እሱን ልይላችሁ?»

ነጋ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ይኼን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ነጋ ማጅራቱን አከከ። ሩሐማ ዓይኗን የምታሳርፍበት ብታጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር አፍጥጣ አየችው።

«ቡክ አርገው» አለ ነጋ።

«የቱን?»

«የመረጠችውን ነዋ።»

ተሰናብተው ሲወጡ ወይዘሮ ውድነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ መንገደኛ ሳይመረቅ አይሄድም። «በሉ ልጆቼ፣ በሰላም ግቡ፣ በሰላም ያምጣችሁ» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ፀሐዩን ብቻ ተጠንቀቁ» ብለው ጨመሩበት።

መኪናው ውስጥ ገቡ። ነጋ ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን ከፈተ፣ ግን አልነዳም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቆየ።

«የማያውቁሽ ሰዎች ከኔ ቀድመው ሊያዩሽ ነው?»

ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«እነሱ እኮ ድሮ እንዴት እንደነበርኩ አያውቁም» አለችው። «አንተ ታውቃለህ። አንተ ስታየኝ የጎደለውን ነው የምታየው።»

«የድሮውን አውቃለሁ» አለ ነጋ። «አሁን ያለውን ግን እኔም እንደነሱ አላውቀውም፣ ሩሐማ። የሚያሳየኝ አጣሁ።»

ሩሐማ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ የምትደበቀው ከሚያውቃት ሰው እንደሆነ ነበር የምታስበው። ቀበቶዋን ለማሰር ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ ሳተችው። ነጋ ተቀብሎ አሰረላት።

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪወጡ ስንት ሰዓት ይቀራቸዋል?» አለችው።

«ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ምነው?»

«ወደ ቤት ንዳ።»