የእድሩ ሰሃን

ዋጋ የሚቆረጠው በጫማ ነው የሚለውን ወሬ የአስካለ ጎረቤት ዘነቡ ሳትሰለች ትደጋግመው ነበር። «ቀዳዳ ጫማ አድርገሽ ግቢ፣ ሁሉም ይረክስልሻል!»

አስካለ ቀዳዳ ጫማዋን አድርጋ ሱቅ ገባችና የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አነሳች። መደርደሪያው ስሟን ጠርቶ፣ «ባለጸጋ፤ ሁለት ሺህ ብር» አላት። ከፊቷ የነበረችው ሴት ያንኑ ዓይነት ቆርቆሮ በሁለት መቶ ብር ወስዳለች። ሕጉ ዋጋውን እንደ ገዢው ሀብት እየቆረጠ ካለው ወስዶ ለሌለው ይደጉማል፤ ደግ ሕግ ነው ይባላል። አስካለ ግን እናቷ የሞተችባትን የልጅ ልጇን በቀጭን አጥሚት ነው የምታሳድጋት።

«ማነው ባለጸጋው? እኔ?» ብላ ጮኸች።

«እማማ፣ ሀብት ቆጣሪው ማሽን ቤትዎ ውስጥ ሁለት መቶ ሰሃን፣ ስልሳ ወንበርና አራት ጎላ አይቷል» አለ ሻጩ። «ሆቴል ከፍተዋል እንዴ?»

«የእድር ነው፣ አንተ! ለቅሶ የሚበላበት! እኔ ዕቃ ጠባቂ ነኝ እንጂ ባለቤት ነኝ?»

«ማሽን እድር አያውቅም፣ እማማ።»

«እንግዲያው እሱ ሲሞት ማን እንደሚቀብረው እናያለን!»

በማግስቱ ዕቃውን ሁሉ ደጅ አወጣችው። ሰሃኑ የገባበት ቤት ባለጸጋ ይባላል ብሎ ሁሉም ስለፈራ፣ የሚረከባት ጠፋ። የእድሩ ዳኛም አንገታቸውን ደፍተው የሠላሳ ዓመቱን ዕቃ ለቁራሌው ሸጡት።

በሳምንቱ አስካለ የባለጸጋነት ደረጃዋን ልታስቀይር ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊዋ ቀና እንኳን ሳትል፣ «የእድር ዕቃማ አይቆጠርም» አለቻት። «የእድሩ ዳኛ አንዴ ቢፈርሙልዎት ይበቃ ነበር።»